የኢስታንቡል አሳ በዳቦ፣ ጣና ዳር

ከኢስታንቡል ይዤ የተመለስኩት አንድ ሱስ ነው። አሳ በዳቦ። ኤሚኖኑ የሚባለው ሰፈር፣ ጋላታ ድልድይ ጥግ፣ የተጠበሰ አሳ ከሽንኩርትና ከሰላጣ ጋር ዳቦ ውስጥ ከተው፣ ሎሚ ጨምቀው ይሰጧችኋል። «ባሊክ ኤክሜክ» ይሉታል፤ ሌላ ትርጉም የለውም፣ አሳና ዳቦ ማለት ነው። እዚያ ቆሜ ስገምጥ ባሕር ዳር ትዝ አለችኝ። ሐይቁ አለን፣ አሳው አለን፣ ዳቦም አናጣም፤ ታዲያ ምን ነክቶን ነው?

ስለዚህ ጣና ዳር የቱርክ ምግብ የሚሠራ ቤት አለ ሲሉኝ ባጃጅ ይዤ በረርኩ። እስካሁን ሦስቴ ሄጃለሁ። ስሙን የማልጠራው ወረድ ብዬ ስለምወቅሰው ነው።

አሳው ቆሮሶ ነው። እዚያ የለመድኩት ቅባት ያለው የባሕር አሳ ስለነበር ይሄኛው ይፈራርሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልፈረሰም። ዱቄት ነካ አድርገው ስለሚጠብሱት ጠርዙ ኩርሽም ይላል፣ አጥንትም አንድ አልገጠመኝም። ሎሚ ስጠይቅ አስተናጋጇ «ሎሚ ብቻ? ሚጥሚጣስ?» አለችኝ። ነሰነስኩበት። ቱርኮቹ ይቅር ይበሉኝ እንጂ በሚጥሚጣ ይበልጣል።

እስክንድር ከባብም አላቸው። አዎ፣ የኛው እስክንድር፣ ስሙ አንድ ነው። የቡርሳ ከተማ ምግብ ነው፦ የተቆራረጠ ዳቦ ላይ ስስ ተደርጎ የተላጠ ሥጋ፣ የቲማቲም ስጎ፣ ከጎን እርጎ፣ መጨረሻ ላይ የጋለ ቅቤ ቸስ ይደረግበታል። እናቴ ብታየው «ፍትፍት ነው» ብላ ትገላገለው ነበር፤ ደግሞም አልተሳሳተችም። እዚህ ቅቤው ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ቡርሳ ላይ ነውር ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ግን ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት። ከሱ ጋር አይራን እዘዙ፦ እርጎ፣ ውሃና ጨው ነው፣ አሬራ ጠጥቶ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ባክላቫውን ተዉት። ደርቋል።

የከነከነኝ ቡናው ነው። የቱርክ ቡና እንደ ዱቄት ይልማል፣ ጀዝቬ በምትባል እጀታዋ ረጅም በሆነች ማፍያ በቀስታ እሳት ይጣዳል፣ ሳይገነፍል ይወርዳል፤ ክብሩ አረፋው ነው። ይሄን ባህል ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። እኔ ጋ የመጣው ገንፍሎ አረፋው የጠፋ ነበር። «ወንድሜ፣ ቡናው የየት ነው?» ብለው «ከውጭ የመጣ ነው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። እንዴ! ከመስኮቱ ማዶ እኮ ዘጌ ነው፣ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጫካው ሁሉ ቡና።

በሦስተኛው ቀን የዘጌ ቡና ቤት ቆልቼ፣ እስኪልም አስፈጭቼ ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ ቅር አለው። ከዚያ ጣደው፣ አጠገቡ ቆምኩ፣ አረፋው ቀስ እያለ ሲነሳ ሁለታችንም ዝም አልን። ቱርኮቹ ፊንጃን በሚሏት፣ እኛ ፍንጃል በምንላት ቀዳልኝ። ጨርሼ ሁለተኛ ስጠይቀው ሳቀ።

«ቱርክ ቤት ውስጥ ቶና የለም» አለኝ፣ ጀዝቬዋን መልሶ እየጣደ።