ጭቃ ወይስ ሲሚንቶ? 32 ወይስ 35? ገጠር ያለውን አሮጌ ቤት በትንሽ ብር ለማደስ

ገጠር ያለውን የቤተሰብ ጭቃ ቤት ላድስ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ይጀምራል። ለዓይን የሚታየው እሱ ነዋ! ብሩ ካጠረ ግን ቅድሚያ ለጣሪያውና ለቋሚዎቹ እግር ስጡ።

ከቆርቆሮው እንነሳ። ውፍረቱ ገበያ ላይ በጌጅ ይጠራል፤ 35፣ 32፣ 30 እና 28 ጌጅ ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ይህን ሳያውቅ 35ን ወፍራም መስሎት የሚገዛ አለ። 35 ዋጋው ቀላል ነው፤ ግን አናጢው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ ነፋስ ሲያንገላታው የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋና ማፍሰስ ይጀምራል። ለመኖሪያ ቤት 32 ይሻላል። 28 ለአንዲት ትንሽ ቤት ቅንጦት ነው፤ በልዩነቱ ያረጀውን ወራጅ ቀይሩበት። ሚስማሩ ከነጎማው ይሁን፣ የሚመታውም ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም።

ያገለገለ ቆርቆሮ ከፈለጋችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ አለላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት። እንደ ወንፊት ብርሃን ካሳለፈ ለዶሮ ቤት ይሁን።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ፣ የሲሚንቶ ልስን ሲያዩት ያምራል፤ ከጭቃ ጋር ግን አይስማማም። እንጨቱና ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ማገሩን ያበሰብሰዋል። ውሎ አድሮ ልስኑ ተገንጥሎ ይወድቃል።

በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ በየጊዜው መጠገን ይፈልጋል፣ እውነት ነው። ግን አፈሩ ከግቢ፣ ጭዱ ከአውድማ ነው፤ ምርጊቱን በደቦ ካወጣችሁት ዋናው ወጪ ምሳና ጠላ ነው። እኔ ጭቃውን እመርጣለሁ።

ሲሚንቶ የገዛችሁ እንደሆነ ከታች አውሉት። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ የሚረጨው እዚያ ነው፣ ምስጡም የሚነሳው ከዚያው ነው። ዙሪያውን እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ ገንቡ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። የበሰበሰ ቋሚ ስትቀይሩ ጽድ ከተገኘ ከባህር ዛፍ በተሻለ ምስጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ወለሉ? ሊሾ ለጽዳት ይመቻል፣ ቁንጫም አያስቸግርም። እስኪደርስ በእበት መለቅለቅ ይበቃል። ሥራውን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጀምሩ። ቆርቆሮው ይቅደም፣ ምርጊቱ ይከተል።