ልጄን በስምንተኛው ቀን ያስገረዝኩበት ክሊኒክ

የመጀመሪያ ልጄን ያስገረዝኩት ሰፈራችን ባለ ክሊኒክ ነው። ኦርቶዶክሶች ነንና እማዬ ስምንተኛው ቀን እንዳያልፍ ከወለድኩ ጀምሮ ስትቆጥር ነበር። ወንድሜን የሰፈር ገራዥ በምላጭ ሲገርዘው የፈሰሰውን ደም ዛሬም አትረሳውም፤ «ሐኪም ቤት ይሁን» ያለችውም እሷው ናት።

ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የነበረው ወጣት ለራሱ ነው የመጣው። ጋምቤላ ያደገ ነው፤ እነሱ ዘንድ ልማዱ የለም። መገረዝ ወንዱ ከሴት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስለት፣ ኮንዶም ግን እንደማያስቀር ተነግሮታል። ለእኛ የእምነት ጉዳይ የሆነውን እሱ ለጤናው ብሎ ሲያደርገው ደስ አለኝ።

ዶክተሩ መቀስ ከማንሳቱ በፊት ብዙ ጠየቀን። ሲወለድ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ ተወግቷል? ከቤተሰብ ደሙ ቶሎ የማይቆም ሰው አለ? ከዚያ የሽንቱን ቀዳዳ አገላብጦ አየ። ቀዳዳው ከጫፉ ወደ ታች ወርዶ ቢሆን ኖሮ አይገርዘውም ነበር፤ ሸለፈቱ በኋላ ለማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ይፈለጋል። ይህን እኔም እማዬም ሰምተን አናውቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግነዋለሁ።

ማደንዘዣውን ከብልቱ መነሻ ላይ ሲወጋው አምርሮ አለቀሰ። ነርሷ ጎዝ ስኳር ውሃ ነክራ አፉ ላይ ብታደርግለት እሱን እየጠባ ዝም አለ። ዶክተሩ እስኪደነዝዝ ጠብቆ ሸለፈቱን አላቀቀ፣ የፕላስቲክ ቀለበት ከውስጥ አስገባ፣ በክር ጥብቅ አድርጎ አሰረና ትርፉን ቆረጠ። ደም አላየሁም ማለት ይቻላል።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ቀለበቱ በሳምንት ውስጥ ራሱ ይወድቃል፣ አትጎትቱት» ብለው ሸኙን፤ በቃ። በሦስተኛው ሌሊት ዳይፐር ስቀይር ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ተለጥፎ አየሁ። መግል መሰለኝ። ስልካቸው አይነሳም። እማዬ ግንባሩን በእጇ ትዳስሳለች፣ ዳይፐሩን ታሸታለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ሲነጋ ወደ ክሊኒኩ ይዤው ስሮጥ፣ ዶክተሩ «ቁስሉ ሲድን የሚያወጣው ነው፣ አትጥረጊው» አለኝ። መጥፎ ሽታ፣ እየባሰ የሚሄድ መቅላትና እብጠት ወይም ትኩሳት ቢኖረው ነበር የሚያሰጋው። ይህን በአንዲት ወረቀት ጽፎ መስጠት ምን ይከብዳል? አራስ ሴት በቃል የተነገራትን ሁሉ አትይዝም።

ቀለበቱን በስድስተኛው ቀን ዳይፐሩ ውስጥ አገኘነው። ቀጣዩም ወንድ ከሆነ እዚያው እወስደዋለሁ፤ ማታ የሚነሳ ስልክ ሳይሰጡኝ ግን ከበሩ አልወጣም።