የኮስትኮው ከርክላንድ መልቲቫይታሚን፦ ዋጋውም ውስጡም ሲታይ

እኛ ቤት የሚገዛው መልቲቫይታሚን፣ ማለት ብዙ ቫይታሚንና ማዕድን አንድ ላይ የያዘው ኪኒን፣ ኮስትኮ የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ ሱቅ ከርክላንድ በሚለው በራሱ ስም የሚሸጠው ዴይሊ መልቲ ነው፣ ብዙ ሰው ግን "በዚህ ዋጋ ምን ደህና ነገር ይገኛል" እያለ ስለሚንቀው ሌብሉን ይዤ ቁጭ ብዬ ሪቪው ልጻፍለት ብያለሁ። አንዱ ብልቃጥ 500 ፍሬ ይይዛል፣ እኔ ስገዛው 20 ዶላር አልሞላም፣ ስታካፍሉት አንዷ ፍሬ 4 ሳንቲም እንኳን አትደርስም። ለአንድ ሰው ከአመት ያልፋል፣ ባልና ሚስት ቢካፈሉትም ስምንት ወር ይሄዳል።

ለማወዳደር ብዬ እዚሁ ሜሪላንድ አንድ የሳፕሊመንት ሱቅ ገብቼ ነበር፣ ሻጩ ፕሪሚየም ነው ብሎ ያወጣልኝ 60 ካፕሱል ያለው 45 ዶላር ነው፣ አዙሬ ሳነበው ደግሞ በቀን የሚወሰደው ሁለት ካፕሱል፣ ማለት የአንድ ወር ብቻ፣ በቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገባ ማለት ነው። በአመት ከ500 ዶላር በላይ ነው እኮ! ስለዚህ የብልቃጡን ዋጋ ሳይሆን የቀኑን አስሉ፣ ሰርቪንግ ሳይዝ (በአንዴ የሚወሰደው መጠን) የሚለው መስመር ላይ አንድ ይሁን ሁለት ይሁን አራት ፍሬ ተጽፏል፣ ማንም አንስቶ አይነግራችሁም።

እሺ ጥራቱስ? አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች 1994 በወጣው ህግ መሰረት ሳፕሊመንት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ኤፍዲኤ (የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት) መርምሮ አያጸድቀውም፣ እንደ መድሃኒት አይደለም፣ ችግር ሲገኝበት ነው በኋላ የሚገቡበት። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ "ፋርማሲ ውስጥ ተሸጧል እኮ" ይላል። ለዚህ ነው እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ዩኤስፒ ቬሪፋይድ የሚለውን ማህተም። ዩኤስፒ ሻጭ አይደለም፣ የመድሃኒትን የጥራት መስፈርት የሚያወጣ ድርጅት ነው፣ ማህተሙም ውስጡ ያለው ከተጻፈው ጋር ይገጥማል፣ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ይፈርሳል፣ እንደ እርሳስ ያለ ጎጂ ነገር ከልክ አላለፈም ማለት ነው። ያድናችኋል ማለት ግን አይደለም። የእኛው የ4 ሳንቲሙ ብልቃጥ ላይ ማህተሙ አለ፣ ያ የ45 ዶላሩ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ውስጡን ሳይ የምወቅሰው ማግኒዚየሙን ነው፣ ኦክሳይድ የሚባለውን አይነት ነው የተጠቀሙት፣ እሱ ርካሽ ነው ግን ሰውነት በደንብ አይወስደውም፣ ሲትሬት የሚባለው አይነት ይሻል ነበር። ካልሲየሙም ትንሽ ነው፣ ያ ግን የማንም መልቲቫይታሚን ችግር ነው፣ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 1000 ሚሊግራም አካባቢ ስለሆነ አንዲት ኪኒን ውስጥ አይገባም። ቢ12ቱ ሳያኖኮባላሚን የሚባለው አይነት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ "ሲንተቲክ ነው፣ ሜቲል የሚባለው ሌላው የቢ12 አይነት ካልሆነ አትውሰዱ" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔ አልስማማም፣ ብዙ አመት የተሰራበትና የማይበላሽ አይነት ነው። ፎሊክ አሲዱም እንደዛው፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ የሚመከረው ራሱ ፎሊክ አሲድ ነው፣ የጽንሱን አከርካሪና አንጎል ከሚጎዳው ችግር እንደሚከላከል በጥናት የተረጋገጠው እሱ ስለሆነ።

የውዱ፣ የ45 ዶላሩ ውስጥስ ምን ነበር? ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን 5000 ማይክሮግራም፣ የቀን መጠኑ 30 ነው እንግዲህ፣ ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ። ኤፍዲኤ በፈረንጆች 2017 ባዮቲን ሲበዛ የደም ምርመራ እንደሚያሳስት አስጠንቅቋል፣ ሃርት አታክ የሚታወቅበትን ትሮፖኒን የሚባለውን ምርመራ ጭምር፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከዛ ደግሞ ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ ብለው የአስር ቅጠላ ቅጠል ስም ደርድረው ድምሩን ብቻ ጽፈዋል፣ እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። መጠኑ ላልተጻፈ ነገር ገንዘብ አልከፍልም።

ለእኛ ሰው ለብቻው መነሳት ያለበት የጾም ጉዳይ ነው። ቢ12 ከስጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው፣ ሽሮና ምስር ውስጥ የለም፣ ስለዚህ አብዛኛውን አመት ጠብቆ የሚጾም ሰው፣ በተለይ እድሜው የገፋ፣ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ቫይታሚን ዲም አለ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ከጸሀይ ለመስራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ የሚኒሶታ ክረምት ላይ ደግሞ ጸሀዩ ራሱ የለም። ግን ጄላቲንን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሰራውን) ተጠንቀቁ! ሶፍትጄልና ብዙ ካፕሱል ከአሳማ ወይ ከከብት ጄላቲን ነው የሚሰራው፣ ታብሌት ስለሆነ ብቻ ደግሞ ነጻ ነው አይባልም፣ የቫይታሚን ኤና ዲ ዱቄት አንዳንዴ በጄላቲን ይሸፈናል። ዲ3 የሚባለው የቫይታሚን ዲ አይነት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ሱፍ ቅባት ነው የሚወጣው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አዘር ኢንግሪዲየንትስ (ሌሎች የገቡበት ነገሮች) የሚለውን ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሁፍ ያንብብ፣ ቪጋን ወይ ሀላል የሚል ካስፈለገ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ለዛ መክፈል ተገቢ ነው እላለሁ።

የከርክላንዱ አይረንም (ብረት) አለው። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፣ ወንድ 8 ይበቃዋል፣ ስለዚህ ለእሷ ጥሩ ነው፣ ለእሱ ብዙም አያስፈልገውም። ከቡና ጋር ግን አትዋጡት፣ ቡናና ሻይ ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ፣ ከምሳ ጋር ውሰዱና ቡናውን ሰአት ያህል አቆዩት። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ የአይረን ኪኒን ብዙ የዋጠ ህጻን ሊሞት ይችላል፣ ማስጠንቀቂያው ብልቃጡ ላይ አለ።

ከዚህ ውጪ ተአምር አትጠብቁ። በ2024 የወጣ ወደ 390 ሺህ አሜሪካውያንን ያየ ጥናት በየቀኑ መልቲቫይታሚን የሚወስዱት እድሜያቸው ከሌላው እንደማይረዝም ነው ያገኘው። በደንብ ለሚበላ ጤነኛ ሰው 4 ሳንቲሙም ላያስፈልግ ይችላል፣ 1 ዶላር ከ50ውማ በምንም አይገባኝም።

ለእናቴ አዲስ አበባ የምልከው ግን ይሄኛውን አይደለም፣ ከ50 አመት በላይ ላለ የሚሰራውንና አይረን የሌለበትን ነው። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስዱ ወላጆች ካሏችሁ መልቲቫይታሚኑን በአራት ሰአት አራርቀው ይውሰዱት፣ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድሃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን ኬ ስላለበት መጀመሪያ ሀኪማቸውን ይጠይቁ። ስትልኩም ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ወደ ፌስታል አትገልብጡት፣ ከነብልቃጡ ይሂድ፣ ኤክስፓየሪ ቀኑም መጠኑም ያለው እዛ ላይ ነው።