የሸጡት ውሻ ሲታመም፦ ስለ አንድ የባሕር ዳር ውሻ አርቢ አገልግሎት

በባሕር ዳር ከተማ ጀርመን ሼፐርድ የሚያረባና ቡችሎች የሚሸጥ አንድ አርቢ አለ። ይህ አስተያየት የሚመለከተው ሽያጩን ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ የሰጠውን አገልግሎት ነው። ስሙን የማልጽፈው፣ በዘር መተላለፉ ገና ባልተረጋገጠ ሕመም ምክንያት የሰው እንጀራ መዝጋት ተገቢ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ቡችላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን አርቢን ሊመዝንበት የሚገባው ዋናው ነገር፣ የሸጠው ውሻ መታመሙ ሲነገረው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ቡችላውማ በተሸጠ ዕለት ሁልጊዜም ያምራል።

መብረቅ የተባለውን ውሻዬን ከአርቢው የገዛሁት እኔ አይደለሁም። ገዢው በሥራ ዝውውር ከባሕር ዳር ሲለቅ ይዞት መሄድ ስላልቻለ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ቤቴ ጠባቂ እንዲሆነኝ ከክትባት ካርዱ ጋር ተረከብሁት። ብዙም ሳይቆይ ከተኛበት ሲነሣ የኋላ እግሮቹ ይከብዱት፣ ደረጃ መውጣት ይጠላ፣ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አጣምሮ እንደ ጥንቸል ይዘል ጀመር። የከተማችን የእንስሳት ሐኪም ዳሌውን በእጁ ከመረመረ በኋላ ራጅ እንደሚያስፈልግ ስለነገረኝ፣ የዓባይን በረሃ አሻግሬ አዲስ አበባ ወሰድሁት። (የታመመ ውሻ በመኪና የሚወስድ ሰው የደጀንን ቁልቁለት በማለዳው ቅዝቃዜ ቢጨርሰው ይሻላል፤ ቀን ላይ የበረሃው ሙቀት ለውሻ አይቻልም።) በማደንዘዣ ተኝቶ የተነሣው ራጅ፣ የጭን አጥንቱ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በሚገባ እንዳልተቀመጠ አሳየ።

ይህ ሕመም በትልልቅ የውሻ ዝርያዎች፣ በተለይም በጀርመን ሼፐርድ ዘንድ የታወቀ ነው። ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ጤናማ ይመስላል፤ መገጣጠሚያው የሚላላው በእድገት ጊዜ ነው። ተጋላጭነቱ በብዙ ጂኖች የሚወረስ በመሆኑ ምንም ምልክት የማይታይባቸው ወላጆች የታመመ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ቡችላውን ቶሎ እንዲወፍር ከመጠን በላይ መመገብና ካልሲየም ማብዛት ሕመሙን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከአንድ ውሻ ራጅ ብቻ ተነሥቶ ጥፋቱ የዘሩ ነው ማለት አይቻልም። ወደ እውነቱ የሚያቀርበው አብረውት የተወለዱትን፣ እናቱንና አባቱን አንድ ላይ ማየት ነው፤ የእነዚህን ሁሉ አድራሻ የያዘው ደግሞ አርቢው ብቻ ነው። ውሻው በስጦታ ስለመጣ ለአርቢው መንገር ምን ይጠቅምሃል ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። እኔ ግን የማስበው ስለ መብረቅ ብቻ ሳይሆን፣ ያቺው እናት ከዚያው ወንድ ጋር ስለምትወልዳቸው ቡችሎችና ወንድም እህቶቹን ስለሚያሳድጉ ቤተሰቦችም ነበር።

አስቀድሜ ለቀድሞው ባለቤት ነገርሁት፤ ግዢው በእርሱ ስም የተፈጸመ ስለሆነ ነገሩን ከሦስተኛ ሰው መስማት አልነበረበትም። ቀጥሎ ለአርቢው የራጁን ፎቶግራፍ፣ የሐኪሙን ጽሑፍ፣ የውሻውን የልደት ቀንና ከተረከብሁት ጀምሮ የበላውን ሳይቀር ጽፌ በቴሌግራም ላክሁለት፤ ከዚያም ደወልሁ። «ጋሼ፣ ገንዘብ ለመጠየቅ ወይም ለመክሰስ አይደለም የደወልሁት። ሐኪሙ በዘር ሊሆን ይችላል ስላለኝ እርስዎ ማወቅ አለብዎ ብዬ ነው» አልሁት። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ካሳ የተጠየቀ የመሰለው ሰው ቀሪውን አይሰማምና።

የመጀመሪያ መልሱ «በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም፤ አበላሉን ብታዩት ይሻላል» የሚል ነበር። መልሱ ቅር ቢያሰኘኝም ስለ አበላሉ መጠየቁ አግባብ ስለነበረ የላክሁትን ዝርዝር አብረን አነበብነው። እዚህ ላይ አርቢው የሚመሰገንበት ነገር አለ። ስልኩን ሳይዘጋ ደብተሩን አውጥቶ ከመብረቅ ጋር የተወለዱትን ማን እንደወሰዳቸው ፈለገ፤ በሳምንቱም እየደወለ እንደጠየቃቸውና ፍኖተ ሰላም ያለች አንዲት የመብረቅ እህት ከተኛችበት ስትነሣ እንደምትቸገር ራሱ ደውሎ ነገረኝ። ይህን ቢደብቀው ኖሮ እኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረም። እናቲቱንም ከዚያ ወንድ ጋር ዳግመኛ እንደማያዳቅላት ተናገረ። ሊጎዳው የሚችል ነገር በገዛ አንደበቱ የሚናገር ነጋዴ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ያለኝን አክብሮት ሳልቆጥብ እገልጻለሁ።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ወላጆቹ ከመዳቀላቸው በፊት የዳሌ ራጅ አልተነሡም። በዝርያው አገር በጀርመን የዝርያው ማኅበር የዳሌ ምርመራ ምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በ1966 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ነገሩ አዲስ ዕውቀት አይደለም። እርግጥ ራጅ ከባሕር ዳር ለሚነሣ አርቢ ድካምም ወጪም አለው፤ ቢሆንም አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ቡችሎች ሁሉ ስናስብ ወጪው የሚገባ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ለገዢ የሚሰጥ የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ገዢ ስልክ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ መብረቅ ወደ ሌላ ቤት የሄደ ቡችላ ከአርቢው ዕውቀት ውጭ ይሆናል፤ ከአንዱ ቡችላ ጋር መገናኘት ያልተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን በቅንነት የሰጠኝ ምክር ነው። ሕመሙ ሲጠናበት ዲክሎፌናክ ስጠው አለኝ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና አንጀት የሚያቆስሉ፣ ኩላሊትንም የሚጎዱ የሰው መድኃኒቶች ናቸው፤ ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው። ይህን መልሼ ነገርሁት፤ ለሌሎች ደንበኞቹ ግን አስቀድሞ መክሮ ሊሆን ስለሚችል ከእርሱ ቡችላ የወሰዳችሁ ሁሉ እባካችሁ አትስጡ። መብረቅ ክብደቱ እንዳይጨምር ምግቡ ተመጥኖ፣ በለስላሳ መሬት ላይ በየቀኑ አጫጭር ጉዞ እየተጓዘ፣ ሐኪሙ ባዘዘለት መድኃኒት ደህና ይውላል።

ከዚህ አርቢ ቡችላ ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ አያያዙ ንጹሕ፣ ቡችሎቹም ክትባታቸውን በጊዜው የወሰዱ መሆናቸውን እመሰክራለሁ። ሆኖም የእናትና የአባት የዳሌ ራጅ ይታየኝ ብሎ ይጠይቅ፤ ውሻው ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ ወይም ቢታመም ለአርቢው እንዲነገር የሚያዝዝ አንድ ገጽ ውልም ያስጽፍ። አርቢው ለሁለቱም ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ ይህን እስከጻፍሁበት ጊዜ ድረስ ግን ራጁ አልተነሣም፣ ውሉም አልተጻፈም።