ግትር መርከብና ስስ መርከብ
በቆየው የእንግሊዝ ባሕርተኞች አነጋገር፣ ነፋስ ሸራዋን ሲገፋው ብዙም የማታዘነብል መርከብ «ግትር»፣ በቀላል ነፋስ የምታጋድል ደግሞ «ስስ» ትባላለች። ግትሯ ሰፊ ወገብ ወይም ከታች የተከማቸ ክብደት ስላላት ብዙ ሸራ ትሸከማለች፤ ነገር ግን በማዕበል ላይ ቶሎ ቶሎና በኃይል ስለምትናወጥ ምሰሶዋንና ገመዶቿን ታስጨንቃለች። ስሷ በዝግታ ስለምትወዛወዝ ለተሳፋሪ ትመቻለች፤ ስስነቷ ከልክ ሲያልፍ ግን አደጋው የከፋ ነው። የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳ በ1628 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ገና ከስቶክሆልም ሳትርቅ የሰጠመችው፣ የላይኛው አካሏ ከብዶ ነፋስ ሲያጋድላት ክፍት በነበሩት የታችኛው ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ውኃ ስለገባባት ነው። ለሩቅ ጉዞ እኔ ወደ ግትርነት የምታደላውን እመርጣለሁ፤ መናወጧ ቢያደክምም፣ ነፋሱ ድንገት ሲበረታ ሸራ ለመቀነስ ጊዜ ትሰጣለች።