የእሾህ አክሊል፣ ፓኪፖዲየም ወይስ ከርቤ? ለአዳማ በረንዳ የትኛው ይሻላል?

ጎረቤቴ ቆቃ አካባቢ ያሉትን የአበባ እርሻዎች አይቶ መጣና ግቢው ውስጥ በእንጨትና በፕላስቲክ ትንሽ ግሪንሀውስ ሠራ። እሾሃማ የበረሃ ቁጥቋጦ ላሳድግበት ነው አለ። እኔ ደግሞ እነዚያኑ ተክሎች በረንዳዬ ላይ በፖት ያዝኩ። ሁለት ዓመት ስንፎካከር ከረምን። ሁለታችንም ከስረናል፤ ግን በተለያየ መንገድ።

መጀመሪያ ተክሎቹ። የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉትን አዴኒየምን ትቼዋለሁ፤ ውብ ነው፣ እሾህ ግን የለውም።

የእሾህ አክሊል የማዳጋስካር ተወላጅ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዩፎርቢያ ሚሊ ይባላል። ስሙን ያገኘው የሪዩኒየን ደሴት ገዥ ከነበረውና እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ ፈረንሳይ ካስገባው ከባሮን ሚልየስ ነው። የእኛው ቁልቋል ዘመድ ስለሆነ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጓንት አድርጉ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ። ቀይ፣ ሮዝ ወይም ነጭ ሆኖ የሚታየው አበባ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ሚጢጢዋ ናት። ፀሐይ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ያብባል። ትልቁ ጥቅሙ ግን መራባቱ ነው። ቅርንጫፍ ትቆርጣላችሁ፣ ወተቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ትተክላላችሁ። አንድ የገዛ ሰው በዓመቱ ለሠፈር ያድላል።

ፓኪፖዲየምን ሻጮች "የማዳጋስካር ፓልም" ይሉታል። ከዘንባባ ጋር ዝምድና የለውም። ወፍራም ግንድ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰካ እሾህ፣ አናቱ ላይ ብቻ ቅጠል። እንደ ሐውልት ነው፤ ሳሎን በር ላይ ሲቆም ያምራል። ነገር ግን በአብዛኛው ከዘር ነው የሚበቅለው፤ ቶሎም አያድግም። ትልቅ ከፈለጋችሁ ኪሳችሁን አዘጋጁ። በደረቅ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል። ሰው "ሞተ" ብሎ ውሃ ያጠጣዋል፣ ያኔ በእውነት ይሞታል። ስትገዙ የግንዱን ታች በጣት ጫን በሉት። ለስላሳ ከሆነ ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስ አትውሰዱ።

ከርቤ? ሙጫው በየዕጣን መሸጫው አለ፤ ችግኙን ግን እዚህ ችግኝ ሻጮች ጋ አይቼው አላውቅም። ተክሉ የምሥራቁ ቆላችን ልጅ ነው። የእኔን ቅርንጫፍ ዘመድ ከጅጅጋ አመጣልኝ፤ ቅጠል እስኪያወጣ ግን ትዕግሥቴን ጨረሰ። አጫጭር ቅርንጫፎቹ ጫፋቸው እሾህ ነው። ለዓይን የሚስብ አበባ የለውም፣ ቅርጹ ግን የሽማግሌ ግርማ አለው። ከፖት ሙጫ እለቅማለሁ ብላችሁ ከሆነ ተዉት።

አሁን ወደ ግሪንሀውሱ። በአውሮፓ የሚሠራው ውርጭ ስላለ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ሙቀት አልጠፋባትም። በበጋ እኩለ ቀን የጎረቤቴ ግሪንሀውስ ምጣድ ይሆን ነበር። በክረምት ደግሞ አየሩ ታምቆ ጥጥ የሚመስል ነጭ ተባይ ወረሰው። ነፋሱም አለ። የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕላስቲኩ ሁለቴ ተቀደደ፣ ሁለቴ ገዛ።

በአንድ ነገር ግን ጎረቤቴ በልጦኛል፦ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት የእሾህ አክሊሉን ቀዳዳ በሌለው የሚያብረቀርቅ ፖት፣ በጥቁር አፈር ተክዬው ነበር። ነሐሴ ላይ ግንዱ ለሰለሰ፣ ሲነካ ገማ። እሱ ግን በደረቅ ጣራው ሥር አንድም አልሞተበትም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጣራው ብቻ ነው። ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ከላይ፣ ጎኑ ክፍት። ወጪው ከሙሉ ግሪንሀውስ ጋር አይወዳደርም።

ፖቱ ሸክላ ይሁን። ውሃ ቶሎ ይደርቅበታል፣ ከብዶም ነፋስ አይጥለውም። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ፓኪፖዲየም ከአናቱ ሲከብድ ግን አብሮት ይገለበጣል። አፈሩን ግማሽ በግማሽ ከፑሚስ ጋር ቀላቅሉ። ለብሎኬት የሚሆነው ያው ፑሚስ ነው፤ ማምረቻ ካለበት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ለምናችሁ ውሰዱ።

ለጀማሪ ምርጫዬ የእሾህ አክሊል በሸክላ ፖት ነው። ፓኪፖዲየም ለሁለተኛ ዓመት ይቆይ። ከርቤ ዘመድ ላለው። መግዛት ደግሞ ከመስከረም በኋላ ነው። ሰኔ ላይ ከገዛችሁት ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይደርስበታል።