አሮጌ ካራቫን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ለዚህ ሰው አሳዩ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ዛሬ አንድ ሰው ሳላመሰግን ማደር አልቻልኩም። ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቁርስና ቡና የምሰራበት ጎማ ያለው ካራቫን፣ ያ የመንገድ ስራ ሰዎች የሚያድሩበት አይነት፣ ፍለጋ አመት ሙሉ ተንከራትቻለሁ። ብሩ የእቁብ ነው፣ ቀልድ አልነበረም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ (ቦታውን አልጠራም) ዞር ዞር ብሎ አየና "ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ዝጊው" አለኝ፣ ለካ ከሻጩ ኮሚሽን አለው። ሌላው ደግሞ ገና ሳልገዛ ለእድሳቱ ቀብድ 15 ሺህ ተቀብሎኝ ስልክ ማንሳት አቆመ፣ ስሄድ ነገ ነይ፣ ነገ ስሄድ የለም። ያን ሰሞን ያለቀስኩትን እናቴ ታውቃለች።

ከዛ የጎረቤት ልጅ ደብረ ብርሃን አንድ ሽማግሌ በያጅ ጋ ወሰደኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እዩልኝ ስላቸው "በፀሐይ ምን አያለሁ፣ ዝናብ ሲጀምር ደውይልኝ" አሉኝ። የነሐሴን የደብረ ብርሃን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ስደውል ይመጣሉ አላልኩም ነበር፣ ጋቢያቸውን ደርበው በዛ ብርድ መጡ። ውስጥ ገብተን ግማሽ ሰአት ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዛ "ልጄ እጅሽን አምጪ" ብለው መስኮቱ ስር ግድግዳውን አስጫኑኝ፣ አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ጣቴ ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ! ውሃው ከጣሪያው መጋጠሚያ እየገባ ከላሜራው ጀርባ ያለውን እንጨት ጨርሶታል። "እኔስ ብሰራው ብር አገኝበታለሁ፣ አንቺ ግን አትግዢው" አሉኝ። የድካማቸውን ስሰጥ "ምን ሰርቼ?" ብለው እጄን መለሱት። አባቴ ትዝ አለኝ፣ የደሴ መስመር ሹፌር ነበር፣ መኪና ተበላሽቶበት የቆመ ሰው ካየ ጥሎ አያልፍም ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

ሁለተኛውን ካራቫን ራሳቸው ግዢ አሉኝ፣ ራሳቸው ሰሩት። ስለ ሻንሲው ስለ ኩሽኔታው ብዙ አስረድተውኛል አልገባኝም፣ እኔ የገባኝ ባሉኝ ቀን ማስረከባቸው ነው። ሲጎተት እንኳን ከኋላ ተከትለው ጣርማ በር ዋሻው ጋ ሳንደርስ አስቆሙና የጎማዎቹን መሀል በእጃቸው እየዳሰሱ ሙቀቱን አይተው ነው ቁልቁለቱን ያስወረዱን።

እባካችሁ ካራቫንም ይሁን ተሳቢ ቀብድ ሳትከፍሉ ለሳቸው አሳዩ፣ እባካችሁ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ በደብረ ሲና ሲያልፉ ቡናው ሁሌም ተፈልቶ ይጠብቅዎታል።